አንድ ማንኪያ ለእያንዳንዱ ቱቦ

አጎቴ በዚህ ዓለም የሚያምነው ሁለት ነገር ነበር፤ ሰዓትንና እኔን። ሰዓቱን እንኳ ሲሳሳት ከፍቶ ያስተካክለዋል። እኔን ግን እንዳለሁ ነበር የሚቀበለኝ።

እኔ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ «ሬዲዮ» የሚሉኝ ሰው ነኝ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ተጣልቼ ወጣሁ፤ እስከ ዛሬም አልታረቅንም። ከዚያ ወዲህ ያለውን እውቀቴን ግማሹን ከመኪና ሆድ ዕቃ፣ ግማሹን ከራሴ ጭንቅላት ነው ያመጣሁት፤ የቱ ከየት እንደመጣ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የጭነት መኪና ሞተር ውስጥ ድመት ገብታ ስድስት ልጆች ወለደች፣ በስድስቱ ሲሊንደር ልክ ደርድራ አስተኛቻቸው ብዬ ያወራሁ ቀን ቀቢያችን ብሩሹን ጥሎ፣ «ቆይ፣ ሰባተኛ ብትወልድስ ኖሮ?» አለኝ። «ራዲያተሩ ውስጥ ነዋ፤ እዚያ ይሞቃል» አልኩት። የጋራዡ ባለቤት፣ ሁላችንም «ዋናው» የምንለው፣ ሥራ የሚያስፈታ ምላስ እያለ ይረግመኛል። ጀርባውን ሲያዞር ግን ትከሻው ሲስቅ ያጋልጠዋል።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው። እናቴ ስትሞት እጄን ይዞ ቤቱ የወሰደኝ፣ ያሳደገኝ፣ መሪ ያስጨበጠኝ፣ ጋራዥም ያስገባኝ እሱ ነው። ሙያው ሰዓት ጠጋኝነት ነው። ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ውጭ በሚቆምበት ሱቁ ውስጥ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የሚያንሱ ብሎኖች ሲፈታ ይውላል። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ደግሞ የከተማውን አራት ትልልቅ ሰዓቶች እየዞረ ይሞላል። የባቡር ጣቢያው ኮረብታ ላይ ነው፤ ሆስፒታሉ ከወንዙ ማዶ፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከከተማው ጫፍ፤ ማዘጋጃ ቤቱ መሀል። ያለ መኪና የሚሆን አይደለም።

መኪናዋ በዕድሜ ታላቄ ናት። የናፍጣ ናት፤ «እሜቴ» ይላታል። በእንደዚህ ያለች አሮጌ የናፍጣ መኪና ውስጥ ብዙው ነገር የሚሠራው በአየር ስበት ነው። ሞተሩ ላይ የተገጠመች ቫኪዩም ፓምፕ ከላስቲክ ቱቦዎቹ አየሩን ሁሉ ትመጠምጣለች። በዚያ ስበት የአራቱ በሮች ቁልፍ ባንዴ ይዘጋል። ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ የሚጠፋውም በእሱ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ሰርቮው፣ ያ ድስት የሚያህለው ክብ ብረት፣ ፍሬኑን ለእግር የሚያቀለው በዚሁ ስበት ነው። ስለዚህ ቱቦዎቹ ውስጥ መኖር ያለበት ባዶነት ብቻ ነው። ዘይት ከገባ በየጫፉ ያሉትን ስስ የጎማ ሽፋኖች ያሳብጣቸዋል፤ ይልሞሰሞሳሉ፣ ይቀደዳሉ። ይህን ከራሴ ጭንቅላት አላመጣሁትም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አጎቴ እሜቴን የጋራዡ በር ላይ አቁሞ ኮፈኑን ከፈተና ጠራኝ። አንዱን ቀጭን ቱቦ በሁለት ጣቱ፣ ልክ የሰዓት ቆጣሪ እንደሚይዝ አድርጎ ይዞታል።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ እየው። የበሮቹ ቁልፍ ሰነፈብኝ ብዬ ቱቦውን ብነቅለው ጫፉ ላይ ዘይት ያብለጨልጫል። ዘይት እዚህ ምን ይሠራል?»

ከመቶ ሹፌር ዘጠና ዘጠኙ የማይጠይቀው ጥያቄ ነው። መልሱም ዐሥር ሰከንድ አይፈጅም። የፓምፕዋ ሽፋን አርጅቶ የሞተር ዘይት እያሾለከች ነው፤ ልፍታት፤ እስከዚያው በመሀል ዘይቱን የሚያስቀር ጠርሙስ ልግጠምልህ። በቃ። ግን ከኋላዬ ቀቢው ብሩሹን ይዞ ቆሟል፤ ባትሪ ሠሪውም አንገቱን አስግጓል። ሁለቱም አፌን እያዩ ነው። ምላሴን በላኝ።

«ጋሼ፣ ይሄማ ጠምቷት ነው» አልኩ።

«ማን?»

«ቱቦዋ። ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ጥጃ ከሞተሩ ዘይት መጥባት ይጀምራል። አንተስ ሰዓት ሲደርቅብህ ምን ታደርጋለህ?»

«በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ።»

«አየህ! ሰዓት ትንሽ ስለሆነች በመርፌ፤ መኪና ትልቅ ስለሆነች በማንኪያ። እሑድ እሑድ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አንድ ማንኪያ። ከዚያ የበሮቹን ነገር አትጠይቀኝ።»

አጎቴ አሰበ። ሲያስብ ግንባሩ ላይ ሦስት መስመር ይወጣል። «ምን ዓይነት ዘይት?» አለኝ።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። በሩን ራሱ ከፍቶልኝ ነበር እኮ።

«ቀጭን ይሁን። የስፌት መኪና ዘይት የመሰለ» አልኩ።

ከደረት ኪሱ ትንሿን ደብተር አወጣና ጻፈው። የሰዓቶችን ሕመም የሚመዘግብባት ደብተር ናት። «ተባረክ» ብሎኝ ኮፈኑን በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ዘግቶ ሄደ። ገና ከበሩ ሳይርቅ ቀቢው ጎማ ክምር ላይ ወድቆ ተንከባለለ። ባትሪ ሠሪው «እንደ ጥጃ!» እያለ ዓይኑን ጠረገ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። በማግስቱ ምሳ ላይ እነግረዋለሁ፣ እሱም ይስቃል፣ ብዬ ነበር። በማግስቱ ሌላ መኪና መጣና ምሳውን ቀረሁ። በሚቀጥለው እሑድ ሄድኩ፤ ግን አነሳሁት ብል ውሸት ነው። ረሳሁት ብልም ውሸት ነው። ቀልድ አንዴ ካደረ ለመናገር ይከብዳል፤ ሳምንት ከሞላው ደግሞ ቀልድ መሆኑ ይቀራል።

በአራተኛው ሳምንት የአጎቴ ሚስት፣ እኔ እትዬ የምላት፣ መንገድ ላይ አገኘችኝ። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ አፏ ውስጥ ሁሌም ሁለት ሦስት መርፌ አለ፤ ከመርፌዎቹ ጋር ነው የምታወራው።

«ያንን ሽማግሌ ምን አስነካኸው?» አለችኝ።

«ምን አደረገ?»

«የሳል መድኃኒቴ ማንኪያ የት ገባች ብዬ ቤቱን ስገለብጥ ለካ እሱ ዘንድ ናት። የስፌት መኪናዬን ዘይትም ጨርሶታል። ምን ሆነህ ነው ብለው፣ ‹እሜቴን እያጠጣኋት ነው› አይለኝም!»

«አንቺን ያጠጣሽ ጊዜ ነው የሚያሳስበው» አልኳት። በመርፌዎቹ መሀል ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ተለያየን።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አጎቴ ቁልፉን በእጁ ይዞ በእግሩ ወደ ጋራዡ ገባ። ከውጭ ግን የእሜቴ ሞተር ዱግ ዱግ ይላል።

«ቁልፉ ይኸው፤ እሷ ግን አልሰማችም» አለኝ። «የታመመ ልጠይቅ ብዬ ከሆስፒታሉ በር ላይ አጥፍቼ ወርጄ ልሄድ ስል ዘበኛው፣ ‹አባት፣ ሞተር ረሱ› አለኝ። ቁልፉን አውጥቼ ባሳየው እኔን ትቶ መኪናዋን መፍራት ጀመረ።»

ሄድኩና ነዳጁን የምትዘጋውን ማንሻ በእጄ ተጫንኳት፤ ሞተሩ ተንገጫግጮ ዝም አለ። ከዚያ ወደ ማጥፊያዋ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ነቀልኩ። ዘይት መዳፌ ላይ ጠብ ጠብ አለ። የናፍጣ ሞተር ዘይት ከሰል ነው፤ እጅህን ሁለት ቀን ያጠቁረዋል። መዳፌ ላይ ያለው ግን የእጄ መስመር በውስጡ እስኪታይ ድረስ የጠራ ነበር።

«ጋሼ» አልኩት፣ «የትኛውን ቱቦ ነው የምታጠጣው?»

«ሁሉንም ነዋ» አለ፤ ጥያቄው አስገርሞታል። «ላንዱ ሰጥቼ ሌላውን ብነፍገው ይሆናል? ለቀጫጭኖቹ ግማሽ ግማሽ። ለዚያ ለወፍራሙ ግን ሙሉ ማንኪያ፤ እሱ ብዙ ሥራ አለበት።»

ወፍራሙ ወደ ሰርቮው የሚሄደው ነው። እኔ የቱ ቱቦ እንደሆነ አልነገርኩትም ነበር። አጎቴ ደግሞ ብርቱካን ሲያካፍል እንኳ ክፋዩን እየቆጠረ ነው።

በዚህ መሀል ዋናው እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። «ምን ሆነችባቸው?»

«የማጥፊያዋ ሽፋን አርጅታ ነው። እቀይራታለሁ» አልኩ፤ መዳፌን በጨርቄ ጠርጌ ጨርቁን ኪሴ ከተትኩ። ዘይቱ ሱሪዬን አልፎ ጭኔን ሲያረጥበው ዋለ። ሰርቮውን መክፈት ነበረብኝ። መክፈቱ ግን ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ግማሽ ቀን ሙሉ ዋናው ራሴ ላይ ይቆማል፤ የጠራውን ዘይት ያያል፤ ይጠይቃል። ስለዚህ የሞተር ማጥፊያዋን ብቻ ቀየርኩ።

«ለምንድነው አልጠፋም ያለችኝ?» አለ አጎቴ ሲሳፈር።

«ካንተ መለየት አልፈልግም ብላ ነው።»

ሳቀ። «ከእንግዲህ ዘይቱን ተወው፤ ጠግባለች» አልኩት። እሱንም ደብተሩ ላይ ጻፈው። ያን ቀን የበኩሌን ያደረግኩ መስሎኝ ነበር፤ አለመጨመሩ በቂ መሰለኝ። የገባው ግን የት ይሄዳል?

በዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ የጣቢያውን ሰዓት ሞልቶ ቁልቁለቱን ሲወርድ መታጠፊያው ላይ ፍሬን ረገጠ። ፍሬኑ ድንጋይ ሆነበት። እንደገና ረገጠ። እሜቴ ተንደርድራ የአናጺው በር ላይ የተከመረ ጣውላ ውስጥ ገባች። ሰው አልነበረም። ጣውላው ባይኖር ግን ከጀርባው አናጺው የሚሠራበት ጠረጴዛ ነበር፤ አናጺውም ነበር። አጎቴ ከመሪው ጋር ሲጋጭ የቀኝ እጁ አንጓ ተሰነጠቀ። የመርፌ እጁ።

ወሬውን እንደሰማሁ ሮጬ ሄድኩ። ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ቀኝ እግሩን ግድግዳው ላይ ለጥፎ እየገፋ ነው። እጁ እስከ ጣቶቹ ድረስ በጄሶ ታሽጓል። የግድግዳው ኖራ ላይ የአምስት ጣቶች ምልክት ተደራርቦ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ሞክሯል ማለት ነው።

«ምን እያደረግክ ነው ጋሼ?»

«እየመዘንኩት ነው» አለ። «እግሬን። ረገጥኩ፣ አልሄደም። ደግሜ ረገጥኩ፣ አልሄደም። ፍሬን ሁልጊዜ የሚሄድ ነገር ነው። ስለዚህ ያልሄደው እግሬ ነው።»

«እግርህ ምንም አልሆነም።»

«አንተ ምን ታውቃለህ? እርጅና ሲመጣ ደብዳቤ አይጽፍም። እዚያ ጋ ሰው ቢቆም ኖሮስ?» እግሩን ከግድግዳው አወረደና አየው፤ የሌላ ሰው እግር የሆነ ይመስል። «መንጃ ፈቃዴን እመልሳለሁ። እሜቴንም ያ ቁርጥራጭ ብረት የሚሰበስበው ሰውዬ ሰኞ ይወስዳታል። ልኬበታለሁ።»

እትዬ ከስፌት መኪናዋ ሆና፣ «አንተ እንኳ ንገረው እንጂ! ካንተ ሌላ የሚሰማው የለም» አለችኝ።

አፌ፣ ያ ያለ ባትሪ የሚሠራው አፌ፣ ያን ጊዜ የተናገረው ሁለት ቃል ነበር። «እረፍ ጋሼ።» ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ እግሩን መልሶ ግድግዳው ላይ ሲለጥፍ ሰማሁት።

እሜቴን ወደ እኛ ግቢ ጎትተው አመጧት፤ ሰኞ እስክትወሰድ። ቅዳሜ ጠዋት የፋብሪካው ሰዓት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ቆመ፤ ሠራተኞቹ ሻይ ሰዓት መቼ እንደሆነ ሲከራከሩ ሻዩ አለፈ። የማዘጋጃ ቤቱም ቆመ። የሆስፒታሉ ቆመ። የሚሄደው የጣቢያው ብቻ ነበር፤ ያንን ሞልቶ ነው የወረደው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከዚህ ስንት ወሬ አወጣ ነበር! ባቡር ተሳፋሪውን ጥሎ፣ ሙሽራ ሰርጓን አርፍዳ። ባትሪ ሠሪው፣ «ሬዲዮ፣ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ቀና ብዬ የቆመውን የማዘጋጃ ቤት ሰዓት አየሁና ጎንበስ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ያን ቀን ከሰዓት ዋናው እሜቴን ሊሰናበታት ነው መሰል ኮፈኗን ከፍቶ ወፍራሙን ቱቦ ከሰርቮው ላይ ነቀለ። ዘይት ጫማው ላይ ፈሰሰ። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው፣ ለብርሃን አሳየው።

«ይሄ የፓምፕዋ አይደለም» አለ። «የፓምፕዋ ቢሆን ጥቁር ነው። ይሄን ሰው በእጁ ነው የጨመረው። ማነው እንደዚህ የጠላቸው?»

ቀቢው ድንገት ብዙ ሥራ ያለበት ሰው ሆነ፤ የደረቀ በር ላይ ብሩሽ ያመላልሳል።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሬዲዮ፣ ዛሬ እንኳ ተወን።»

«እኔ ነኝ ዋናው። ጎማ ይጠማዋል ብዬ እኔ ነኝ የነገርኩት። ያን ማክሰኞ ስታየኝም አውቄ ነበር።»

ትከሻውን አየሁት። አልሳቀም። ቱቦውን መልሶ ሰካና እጁን ለረዥም ጊዜ ጠረገ።

ቀቢው ብሩሹን ሳያቆም፣ «ዝም ብለህ ጠግነህ ብትሰጠውስ? ማን ያውቅብሃል?» አለኝ በሹክሹክታ።

አስቤው ነበር፤ ውሸታም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው። ግን ጠግኜ ብሰጠው ፍሬኑ ይድናል፤ እግሩ በድን ሆኖ ይቀራል። ኖራው ላይ ያየሁት የጣት ምልክት በምንም አይጠገንም።

«እንዳትነካት» አለኝ ዋናው። «እንዳለች ትቆይ። ነገ አምጣቸው፤ ጋራዡን እኔ እከፍታለሁ።»

እሑድ ጠዋት ሄጄ ነገርኩት። ቆሜ ነው የነገርኩት፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ቅዳሜ ቀልድ ጀምሬ ኪሴ እስከከተትኩት ጨርቅ ድረስ። አጎቴ እስክጨርስ ሰማኝ፤ ከዚያ በደህና እጁ ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበር።

«ተባረክ፤ ልታጽናናኝ ነው» አለኝ። «ጥሩ አድርገህ ቀምረኸዋል።»

«እውነቴን ነው ጋሼ!»

«የድመቷንም እውነቴን ነው ብለህ ነበር።»

«ይሄ እንደ ድመቷ አይደለም።»

«እሱንማ አውቃለሁ። በድመት ትቀልዳለህ፣ በሰው ትቀልዳለህ፣ በሙያህ ግን አትቀልድም። እኔ ነኝ ያሳደግኩህ፤ አላውቅህም?»

የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቀጥ አለ። እትዬ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች፤ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

«ማንኪያዬ» አለች። እኔን ነበር የምታየው። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞረች፤ «ተነስ፣ ጫማህን አድርግ።»

ጋራዡ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ዋናው ብቻ ነው ያለው። ሞተሩን እኔ አስነሳሁ። አጎቴ የሾፌሩ ቦታ ተቀመጠና ፍሬኑን ረገጠ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። ፔዳሉ አልሄደም።

«ይኸው፣ አላልኩም?» አለ። እንደዚያ አፍሮ አይቼው አላውቅም።

«ውረድና እኔ ልሞክር» አልኩት። ገባሁ፤ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ረገጥኩ። መቀመጫው ጀርባዬን እየገፋ ሲንቋቋ ተሰማ፤ ፔዳሉ ግን ያው ነው። የሃያ ስምንት ዓመት እግር ነው ያለኝ። ወረድኩ፤ ዋናው ገባ። ዋናው ሲቀመጥ እሜቴ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ሲረግጥ ፊቱ ቲማቲም ሆነ፤ ፔዳሉ አልሄደም። አጎቴ የዋናውን ፊት አላየም፤ ጎንበስ ብሎ የሚረግጠውን እግር ብቻ ነበር የሚያየው።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍቼ ወፍራሙን ቱቦ ነቀልኩ፤ ሰርቮውን ፈታሁና ነጭ ሳህን ላይ አዘነበልኩት። የጠራ ዘይት ግማሽ ሳህን ሞላ። አጎቴ ማጉያውን ከኪሱ አውጥቶ ዓይኑ ላይ ሰካ። የግራ እጁን ጣት ዘይቱ ውስጥ ነክሮ ከአውራ ጣቱ ጋር አሻሸው፤ አሸተተው።

«የስፌት መኪና ዘይት ነው» አለ።

ደብተሩን አወጣ። በግራ እጁ መግለጥ አልለመደም፤ ሁለት ሦስት ገጽ አብሮ ሄደበት። ላግዘው እጄን ዘረጋሁ፤ ደብተሩን ወደ ደረቱ አስጠጋው። ገጹን አገኘው። የኔ ቃል ተጽፎበታል፤ ከሥሩ ለእያንዳንዱ እሑድ አንድ ጭረት። ዐሥራ ሦስት ጭረት።

«ያን ቀን» አለኝ ከገጹ ቀና ሳይል፣ «ከበሩ ሳልርቅ ሳቅ ሰምቼ ነበር። ምን አስቋቸው ይሆን ብዬ ልመለስ ነበር፤ ቀልድ እንዳያመልጠኝ። በእኔ ነበር?»

«አዎ ጋሼ።»

ደብተሩን ዘጋ። ጫማው ውስጥ ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስ የጫማው ቆዳ ከፍ ዝቅ አለ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለእትዬ፣ «እግሬ ደህና ነው እንግዲህ» አላት። እትዬ ክንዱን ይዛ ወሰደችው። ሰኞ ቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢው መጣ፤ ዋናው ከበሩ መለሰው።

እሜቴን ለመጠገን ሳምንት ፈጀብኝ፤ በምሳ ሰዓቴና በእሑዴ። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ነቅዬ ያበጡትን ጣልኩ፤ የተረፉትን በአልኮል አጥቤ፣ በኮምፕሬሰር ነፍቼ፣ ውስጣቸው ነጭ ጨርቅ ስቤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ደጋገምኩ። የሰርቮው ሽፋን እንደ ረጠበ ወረቀት ነበር፤ ከአንድ የሞተ መኪና ላይ ደህና ሰርቮ አገኘሁ። የፓምፕዋን ሽፋን ቀየርኩ፤ ያን ቅዳሜ መቀየር የነበረበትን። በመጨረሻ ወፍራም የመድኃኒት ጠርሙስ ፈልጌ ክዳኑን ሁለት ቦታ በሳሁና በፓምፕዋና በቱቦዎቹ መሀል አሰርኩት። ከፓምፕዋ የሚመጣው ቱቦ ጠርሙሱ መሀል ድረስ ይወርዳል፤ ወደ ሌሎቹ የሚሄደው ከላይ ከአንገቱ ላይ ይቀራል። ዘይት ቢመጣ ሥር ይቀመጣል፤ ማንም ኮፈኑን ከፍቶ ያየዋል። የዐሥር ሰከንዱ መልስ ይህ ነበር።

የአጎቴ እጅ እስኪድን ስድስት ሳምንት እኔ ነዳሁ። እሱ ጎኔ ይቀመጣል። የሰዓቶቹን ማማ እኔ እወጣለሁ፤ እሱ ከታች ሆኖ የመሙያውን ዙር ይቆጥራል። «ዐሥራ ስድስት። ዐሥራ ሰባት። ቀስ። ዐሥራ ስምንት፣ በቃ።» ከቁጥር ሌላ ብዙም አይነግረኝም። አንዴ የፋብሪካው ማማ ላይ ሆኜ እርግብ የሰዓቱ ቆጣሪ ላይ ጎጆ ሠርታ በየሰዓቱ ትዞራለች ብዬ ልጀምር ነበር፤ ወደ ታች ሳየው ማጉያውን እየጠረገ ነበር። ዋጥኩት።

ጄሶው ወለቀ። አንድ ሐሙስ ራሱ መሪውን ያዘ፤ እኔ ጎኑ ነበርኩ። ከጣቢያው ቁልቁለቱን ወረድን። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ረገጠ፤ እሜቴ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ፣ እጅ እንደሚነሳ ሰው፣ አናጺው በር ላይ ቆመች። አናጺው መጋዙን ከፍ አድርጎ ሰላም አለው። አጎቴ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ሳያነሳ ትንሽ ቆየ።

በማግስቱ ቅዳሜን ሳይጠብቅ ጋራዡ መጣና ኮፈኑን ከፈተ። ቀቢው ሲያየው ወደ ጓሮ ሄደ። ጠርሙሱ ሥር የባቄላ ፍሬ የምታህል ጥቁር ጠብታ አለች።

«ይሄ ምንድነው?» አለኝ።

«ከፓምፕዋ ነው ጋሼ። ጥቁር ነው፣ የሞተር ነው። ሽፋኗ አዲስ ቢሆንም አሮጊት ናትና ትንሽ ታሾልካለች፤ ግን ጠርሙሱ እያስቀራት ነው። ቱቦዎቹ ደረቅ ናቸው። ስታይ ትደፋታለህ፤ ከባቄላ ከበዛች አምጣት።»

ራሱን ነቀነቀ። ደብተሩን አወጣ፣ የእስክሪብቶውን ክዳን በጥርሱ ነቀለ። ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፈና ቆመ። ከዚያ በእኔ ትከሻ ላይ አሻግሮ፣ ግቢው ማዶ ጎማ የሚፈታውን ዋናውን ጠራ።

«እውነቱን ነው?»

ዋናው መጥቶ ጠርሙሱን አየ። «እውነቱን ነው» አለ።

አጎቴ ጻፈው።